የአያቴ ቮልስ፣ ከ0.75 በኋላ

ፈታሹ ማዳበሪያውን በእግሩ ነካ አድርጎ «ምንድን ነው?» አለኝ።

«ኮሎ።»

«ቆሎ እንዲህ ይከብዳል እንዴ?»

ከኋላዬ የተሰለፈው የአውቶቡስ ሕዝብ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በዚያ ሰሞን የወለጋ መንገድ ለቀልድ የሚመች አልነበረም። ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስንት ጊዜ ወርደን እንደተፈተሽን መቁጠር ካቆምኩ ቆይቼ ነበር። ማዳበሪያውን ፈታሁት። በግራሶ የተለወሰ፣ አራት ቦታ ታጥፎ የሚዘረጋ፣ 8 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት ብቅ አለ። ፈታሹ ፊቱ ተለወጠ። እንደ እድል ሆኖ ከተሳፋሪዎቹ መሀል አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር ነበሩና ጠጋ ብለው አዩት። «የቮልስ ነው እኮ! የሞተር ዕቃ ነው ልጄ፣ ተዋት ትሂድ» ብለው ገላገሉኝ።

የጋራዥ ሰዎች ኮሎ የሚሉት መጽሐፍ ክራንክሻፍት የሚለውን ነው። ፒስቶኖች እየተመላለሱ ይገፋሉ፤ መኪና ግን የሚሄደው በመሽከርከር ነው። ምልልሱን ወደ ዙር የሚለውጠው ይህ ብረት ነው። ነገሩ ከመኪና እጅግ ይቀድማል፤ አል ጀዘሪ የተባለው መሐንዲስ በ1206 (እ.ኤ.አ.) ባዘጋጀው መጽሐፍ ውኃ መሳቢያ ላይ ገጥሞት እናገኘዋለን። ስሙ ደግሞ ጣሊያንኛ ነው፤ «ኮሎ ዶካ»፣ የዝይ አንገት እንደማለት። ጋራዥ ገብታችሁ ጆሯችሁን ብትከፍቱ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ፣ ብሮንዚን ነው የምትሰሙት። ጣሊያን በ1933 ሲባረር ቃላቱን መሰብሰቢያ ጊዜ አላገኘም። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። የፈረንጅ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

እና እኔ፣ በጋዜጠኝነት ተመርቄ ኮሎ በጭኔ ተሸክሜ ምን እሠራ ነበር? እሱን ለመንገር ከአያቴ መጀመር አለብኝ።

አያቴ ነቀምቴ አስተማሪ ነበሩ። በ1962 ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ያገለገለች ቮልስ ገዙ። የ1964 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት፣ 1200 የሚባለው ሞተር ያላት፣ 34 የፈረስ ጉልበት። ዛሬ ሲወራ ትንሽ ይመስላል። ያኔ ግን በነቀምቴ ጭቃ ቮልስን የሚያህል የቤት መኪና አልነበረም። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ክብደቱ የሚያርፈው በሚገፉት ጎማዎች ላይ ነው፤ ስለዚህ ሌላው ሲንሸራተት እሷ ትወጣለች። የምትቀዘቅዘው በአየር ነውና ራዲያተር የላትም። ባኮ ቆላ ላይ ውኃዋ ፈላ ብሎ ነገር የለም።

አያቴ ታዲያ የአስተማሪ ነገር ሆኖባቸው ለመኪናዋ ደብተር ከፈተው ነበር። ቤንዚን፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ቀን፣ ኪሎ ሜትር። ደብተሩ ከእሳቸው ወደ አባቴ ተላልፎ አሁንም አለ። እኔ ልጅ ሆኜ እንደ አሰልቺ ነገር ነበር የማየው። ዩኒቨርሲቲ ስለ ምንጭና ስለ ሰነድ ለአራት ዓመት ሲነግሩኝ እንኳ ይህ ደብተር አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

ትዝ ያለኝ በ2017 መኪናዋ ከሲሬ ስትመለስ ዳገት ላይ ከሆዷ «ኳ፣ ኳ፣ ኳ» የሚል ድምፅ ስታሰማ ነው። አባቴ ወዲያው አጠፋት። በሌላ መኪና ተጎትታ ነቀምቴ ገባች። መካኒካችን፣ ጋሼ የምለው፣ በደርግ ጊዜ ጀምሮ እሷኑ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፣ ሞተሩን አውርዶ ለሁለት ከፈለው። ኮሎውን በጋዝ አጠበው። አንደኛው ቢዬላ የሚቀመጥበት ቦታ ተቧጥጧል። ብሮንዚኑ ቀልጦ ተልጦ ወጥቷል።

ጋሼ ማይክሮሜትሩን አስገብቶ ለካ። ዝም አለ። እንደገና ለካ። ከዚያ «ኢንተላ ኮ (ልጄ ማለቱ ነው)፣ ይሄ 0.75 ነው። ከዚህ በታች መሬት ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ታሪኩ ያለው ቁጥሩ ውስጥ ነው። የዚህ ሞተር ኮሎ አዲስ ሳለ ብሮንዚን የሚቀመጥበት ክብ ውፍረቱ 55 ሚሊ ሜትር ያህል ነው (አራተኛው፣ በፑሊው በኩል ያለው፣ 40 ብቻ ነው)። ሲበላ ይጣላል ማለት አይደለም። ሬቲፊካ ቤት ይወሰድና በድንጋይ ተስሎ እንደገና ክብ ይሆናል። ሲሳል ይቀጥናል፤ ስለዚህ በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዚን ይገባለታል። ደረጃው የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ 0.25፣ ቀጥሎ 0.50፣ ቀጥሎ 0.75 ሚሊ ሜትር። 0.25 ማለት ሦስት የደብተር ወረቀት ቢደራረብ ነው። ፋብሪካው ያሰበለት ሦስት ነፍስ ነው ማለት ነው። የእኛዋ ሦስቱንም ጨርሳለች።

ማታ ደብተሩን አወጣሁ። ሦስቱም አሉ።

የመጀመሪያው 1965 ነው። አያቴ አዲስ አበባ ላሉ ነጋዴ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ባለ 0.25 ብሮንዚን በአውቶቡስ ይላካል፣ ሦስት ሳምንት። በቃ። አንድ መስመር ነው ያስቀመጡለት፤ የዘይት ለውጥ ያህል እንኳ አላስጨነቃቸውም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በየካቲት 1966፣ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወጡ ያሳፈሯቸው በቮልስ ነበር፤ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ነበር የተወሰዱት። የሮልስ ሮይስ ባለቤት በቮልስ የኋላ ወንበር! በቤታችን እንደሚወራው አያቴ ያንን በሰሙ ቀን መኪናዋን ግቢ አስገብተው ሁለት ቀን አላወጧትም። ንጉሡን ወደውም ይሁን ፈርተው እስከዛሬ አከራካሪ ነው። አባቴ «ቤንዚን አልነበራቸውም» ይላል።

ሁለተኛው 1974 ነው። ይኼኛው አንድ መስመር አይደለም፤ አንድ ገጽ ተኩል ነው። በ1967 መንግሥት ትልልቅ ድርጅቶችን ወረሰ። በ1968 በወጣው አዋጅ ደግሞ የግል ነጋዴ ካፒታል ተገደበ፤ ለጅምላ 300 ሺህ ብር፣ ለችርቻሮ 200 ሺህ። በዚህ ላይ የውጭ ምንዛሪ የለም። አያቴ ደብዳቤ የሚጽፉላቸው ነጋዴ መልስ መስጠት ካቆሙ ቆይተዋል። ደብተሩ ላይ ማንን እንደጠየቁ በተራ ተጽፏል። ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት የሄደ የጎረቤት ልጅ ሳይቀር አለበት፤ ምስኪኑ የምዕራብ ጀርመን መኪና ብሮንዚን ከሞስኮ እንዲያመጣ ተጠይቋል! በመጨረሻ አንድ ዘመድ ከናይሮቢ በኪሱ ይዞ ገባ። ሰባት ወር። መኪናዋ ሰባት ወር ድንጋይ ላይ ተሰቅላ ቆማለች፤ አባቴ የማትሪክ ጥናቱን ያጠናው የኋላ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ነው። ጎን ለጎን የተጻፈው ቁጥር 0.50 ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ የኢትዮጵያ መካኒክ ብልሃት የተወለደው በእነዚያ ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት መካኒክ ቀያሪ ነበር፤ ያረጀ ያወጣል አዲስ ይከታል። ዕቃ ሲጠፋ ጠጋኝ ሆነ። የሚሳለው ይሳላል፣ የሚበየደው ይበየዳል፣ የማይገኘው በቶርኖ ይቀረጻል። እኛ ዛሬ «አበሻ መካኒክ ገመድ ይዞ መኪና ይጠግናል» ብለን የምንስቅበት ሁሉ ያኔ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ሦስተኛው 1985 ነው። ዕቃ መግባት ጀምሯል፤ አሁን የጠፋው ብር ነው። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም በአንዴ 5 ብር ሆነ። የመቶ ዶላር ዕቃ ማክሰኞ 207 ብር፣ ሐሙስ 500 ብር እንደማለት ነው (ቀኖቹን ለምሳሌ ነው የጠራሁት)። አያቴ ያኔ ጡረተኛ ነበሩ። አዲስ ኮሎ ማስመጣት አስበው እንደነበር ደብተሩ ይናገራል፤ ዋጋው ተጽፎ፣ በአዲሱ ምንዛሪ ተባዝቶ፣ በአንድ መስመር ተሰርዟል። ከሥሩ 0.75።

ሦስት ጊዜ መሳል፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ብረት። ጠዋት ኮሎውን ሳየው ዕቃ አልመስልህ አለኝ።

ለጋሼ ግን ዕቃ ነው፤ ደግሞም ትክክል ነው። «ምን እናድርግ?» ስንለው ያለውን ምርጫ ቆጠረልን።

አንደኛው ያንኑ አሮጌ እንደገና መሳል ነው። ከፋብሪካው ደረጃ አልፎ ባለ 1 ሚሊ ሜትር ብሮንዚን የሚሠሩ አሉ፤ አባቴ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ጋሼ ግን ኮሎውን በገመድ አንጠልጥሎ በትንሽ መዶሻ ጫፉን ነካ አደረገው። ደህና ኮሎ እንደ ደወል ያስተጋባል። የተሰነጠቀ «ጧ» ብሎ ይሞታል። የእኛው… ጧ አላለም፤ ግን ደወልም አልሆነም። ጋሼ ጥጉን በጣቱ ዳሰሰ። ክቡ ከጎኑ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ለስለስ ብሎ መታጠፍ አለበት፤ ሬቲፊካው ያንን ጥግ ስል አድርጎ ከተወው ብረቱ አንድ ቀን እዚያው ላይ ይቆረጣል። በ1985 የሳለው ሰው ቸኩሎ ኖሯል።

ሁለተኛው ሙሉ ሞተር መለወጥ። ይህንን ጋሼ ራሱ ሳይጨርስ አባቴ ቆረጠው። የቮልስ የሞተር ቁጥር የተመታው ብሎኩ ላይ ነው፤ ሊብሬው ላይም ያው ቁጥር አለ። ሞተር ለወጥክ ማለት ወረፋ፣ ማመልከቻ፣ «ነገ ና» ማለት ነው። ኮሎ ግን ቁጥሩን አይነካም። ሆዷ ቢለወጥ ስሟ ያው ነው።

ሦስተኛው እኔን የማረከኝ ነው፤ አዲስ ኮሎ። ቮልስ በጀርመን በ1978፣ በሜክሲኮ ደግሞ በ2003 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) መሠራቷ ቆሟል፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። በብራዚል ግን ኮምቢዋ በዚሁ በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ተሠርታለች። ስለዚህ ዕቃው በዓለም ላይ አልጠፋም፤ የቻይናም ሞልቷል። ችግሩ አብዛኛው የትልቁ ሞተር መሆኑ ነው። የእኛ ኮሎ ፒስቶኑን 64 ሚሊ ሜትር ያስኬደዋል፤ ከ1300 ጀምሮ ያሉት 69። የሲሊንደሩ ስፋት ሳይነካ፣ ያው 77 እንዳለ፣ ኮሎው ብቻ 69 ቢሆን ሞተሩ ከ1192 ወደ 1285 ሲሲ ያድጋል። ፋብሪካው ራሱ በ1965 (እ.ኤ.አ.) 1300ን ሲያወጣ ያደረገው ይህንኑ ነው። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነውና ሞተር ከጉልበቱ አምስት አንዱን ገደማ ያጣል። 34ቱ ፈረስ እኛ ጋ ሲደርሱ 27 ናቸው። «ፈረስ ይጨመርልን!» ብዬ ተከራከርኩ።

ጋሼ ሳቀብኝ። «አምስቱ ሚሊ ሜትር የት የሚገባ መሰለሽ?» አለኝ። ግማሹ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ፒስቶኑን ከለመደበት አልፎ ወደ ቴስታታው ይገፋዋል። ስለዚህ ፒስቶኑም ይለወጣል። ፒስቶን ከተለወጠ ፋሻው። የቮላኖው ማሸጊያ በኋለኞቹ ሞተሮች የተለየ ነውና እሱም ይታያል። ኮሎ ልገዛ ሄጄ ሞተር ገዝቼ ልመለስ ነው። የዋጋውን ነገር አታንሱት፤ ያ የመቶ ዶላር ዕቃ በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ሲለቀቅ ከ5,700 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ10,000 አልፏል። የአያቴን የተሰረዘ መስመር እንደገና የምጽፍ መሰለኝ።

የቀረው አራተኛው ነው። ያገለገለ ባለ 64፣ ከሞተች ቮልስ የወጣ፣ ገና የሚሳል ሥጋ ያለው። ይህ ነቀምቴ አልተገኘም። ጊምቢና ነጆ ተደወለ፤ የለም። ስለዚህ አሮጌውን ለማመሳከሪያ በማዳበሪያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አባቴ ሊሄድ ነበር፤ እናቴ በዚያ መንገድ ሁለታችሁንም አልልክም ብላ አንዳችንን ምረጡ ስትለን እኔ እጄን አወጣሁ።

መርካቶ ሶማሌ ተራን ለማታውቁ፤ የመኪና አካል ተበትኖ የሚሸጥበት ሠፈር ነው። እዚያ «የቮልስ ኮሎ» ስትሉ ልጆቹ ይስቁና አንድ ሽማግሌ ይጠሩላችኋል። ሦስት ኮሎ አወጡልኝ። የመጀመሪያው ባለ 69 ነበር፤ «ያው ነው ይገባል» ተባልኩ። የእኛን ጎኑ አስቀምጬ የመታጠፊያውን ልዩነት ሳሳያቸው ሽማግሌው «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። (ከዲግሪዬ ይልቅ በዚህ ነው የኮራሁት።) ሁለተኛው ባለ 64 ነው፤ ግን እንደ እኛው 0.75 ላይ ደርሷል። እሱም የሰባት ወር ታሪክ ይኖረው ይሆናል፤ ደብተር የለውም እንጂ። ሦስተኛው ዝገት የሸፈነው ነበር። በቤንዚን አጠቡልኝ። ማይክሮሜትር የያዘ ልጅ ለካው፤ ገና 0.25 ላይ ነው። አንጠልጥዬ መታሁት።

ድምፁ ለረጅም ጊዜ አልጠፋም።

ዋጋውን አልነግራችሁም፤ እናቴ ይህን ጽሑፍ ታነባለች። ሬቲፊካ ቤት ይዤው ሄድኩ። ሳዩ «ልክ 0.50 ላይ አቁሙልኝ፣ ጥጉን ክብ አድርጉት» አልኩ፤ ሁለተኛውን ነገር ሦስት ጊዜ ደጋግሜ። 0.75 ለሌላ ቀን ይቆይ። ሠራተኛው «እህቴ፣ መካኒክ ነሽ?» አለኝ። «ጋዜጠኛ ነኝ» ስለው የበለጠ ግራ ተጋባ።

ታክሲ ስጠብቅ በፊቴ አንድ አዲስ ቮልስዋገን አለፈ። ያቺው ክብ ምልክት፣ ግን የቻይና ሥሪት፣ የኤሌክትሪክ፣ ድምፅ የለው። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ በእነሱ ተሞልታለች። የኤሌክትሪክ ሞተር ከመጀመሪያውም የሚሽከረከር ነውና ምልልስን ወደ ዙር የሚለውጥለት አያስፈልገውም። ኮሎ የለውም። በማዳበሪያ ሁለት ኮሎ ታቅፌ ቆሜ ሳየው ምን እንደተሰማኝ መናገር ያስቸግረኛል፤ ቅናት ግን አልነበረም።

ጋሼ ሞተሩን ለመግጠም አራት ቀን ፈጀ። ከሁሉ የቆየው ኮሎው ወደፊትና ወደኋላ የሚላወስባትን ክፍተት ሲያስተካክል ነው። ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለባት፤ ከበዛች ኮሎው ብሎኩን ይደበድባል፣ ካነሰች ይግላል። ሦስት ስስ ቀለበቶች እያፈራረቀ፣ እየለካ፣ እየፈታ ዋለ። አባቴ አጠገቡ ተቀምጦ አንድም ቃል ሳይናገር ፋኖስ ይዞለት አመሸ፤ መብራት ሄዶ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ተነሳች። ሲሬ ደርሰን ተመለስን። ዳገቱ ላይ ሬዲዮውን ዘግተን ስናዳምጥ ነበር፤ ያ ያልተሰፋ የልብስ ስፌት መኪና የሚመስል የቮልስ ድምፅ ብቻ።

አሮጌው ኮሎ ሳሎን ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ጎን ቆሟል። እናቴ ግራሶው ዳንቴሏን አበላሸው ብላ በየሳምንቱ ታወጣዋለች፤ አባቴ በየሳምንቱ ይመልሰዋል። ደብተሩን እኔ ተረክቤያለሁ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የጋሼን ክፍያ ጻፍኩና ከሥሩ በአያቴ አጻጻፍ፣ በነጥብ፦ 0.50።